የካሰች አውራ ጣት

ካሰች በሕይወቷ ሦስት ጊዜ ምላለች፤ ሦስቱንም በሚካኤል፣ ሦስቱንም በንዴት። ሌላ ሰው ቢሆን በማግስቱ ይረሳው ነበር። እሷ ግን ውሎዋ ተራራ ጫፍ ላይ ነው። የማለችው ደግሞ ላለማየት ነው።

ተራራው ቱሉ ወዴሳ ይባላል። ከአምቦ በስተ ደቡብ፣ ወደ ወንጪ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ለብቻው ቆሟል። የአካባቢው ሰው የምዕራብ ሸዋ እምብርት እሱ ነው ይላል። እንዲህ የሚባልላቸው ሌሎች ተራሮችም ስላሉ ዞኑ እምብርት አልቸገረውም። ያም ሆኖ ጫፉ ላይ ለወጣ ሰው አገሩ ሁሉ ከእግሩ ሥር ነው። በሰሜን አምቦ ተዘርግታለች። በምዕራብ ጉደር፣ ከጉደር ባሻገር የጅባት ደን፣ ከደኑ ወዲያ ሸነን። በደቡብ የወንጪ ሸንተረሮች። በምሥራቅ ወደ ጊንጪ የሚጋልበው አስፋልት። ሰማዩ በጠራ ቀን አዲስ ዓለምን አየሁ የሚል ሰውም አይጠፋም። የሚከራከረው የለም፤ እዚያ ድረስ ወጥቶ ለክርክር የሚተርፍ ትንፋሽ ያለው አልተገኘም።

ካሰች ወደዚህ ጫፍ ንግድ ይዛ የወጣችው በ2007 ዓ.ም. ነው። ባሏ ሞቶ ነበር፣ ልጆቿ ወደየሥራቸው ሄደው ነበር፣ የአምቦ ተማሪዎች ደግሞ ፎቶ ለመነሳት ተራራ መውጣት ጀምረው ነበር። ካሰች አንድ ነገር አስተዋለች፤ ፎቶ የሚነሳ ሰው ይርበዋል። የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ፣ ሻይ በፔርሙስ፣ ጥቂት ጠርሙስ አምቦ ውሃ ተሸክማ ወጣች። በባሕር ዛፍ እንጨትና በሸራ ዳስ ሠራች። ለሚጠይቃት ሁሉ ከተሞቹን በጣቷ እየጠቆመች ታሳይ ነበር። ድንቹ ያልቃል፣ እሷ ትወርዳለች። መልካም ሥራ ነበር።

ከዚያ ፋሲካ መጣ።

የ2008 ፋሲካ በታናሽ ወንድሟ በጅሩ ቤት ነበር። ጅሩ ቤቱ ከተራራው ምዕራብ ግርጌ ነው፤ እህቱን ይወዳታል፣ ነገር ግን ሰው ሲበዛበት እጁ ይምታታበታል። ዶሮው ወጣ። ፈረሰኛውን ለራሱ አደረገ፤ እሺ። መላላጫውን ለአማቱ ሰጠ፤ ይሁን። ቀጥሎ ጭልፋውን ነከረና ለታላቅ እህቱ፣ አዝላ ላሳደገችው፣ አንገት አወጣላት።

ካሰች አንገቱን አየችው። አንገቱም እሷን ያያት መሰላት።

«ጅሩ» አለች ቀስ ብላ። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ዶሮ ነው፣ እታለም።»

«የትኛው በኩል?»

ጅሩ ጎንበስ ብሎ ሳህኗን መረመረ። «ላይኛው በኩል» አለ።

ተነሳች። ነጠላዋን አጣፋች። በር ላይ ደርሳ ዞረችና፣ «ሚካኤልን! የዚህን ቤት ደጅ እንኳን ልረግጥ፣ ዓይኔ ጣሪያውን ቢያይ!» አለች። ሄደች።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። የካሰች ግን ከአፍም ወጥቶ አፋፍ ላይ ጠበቃት። በማግስቱ ተራራው ላይ ወጥታ ድንቿን አራገፈች፣ ቢላዋዋን አነሳች፣ ቀና አለች። የጅሩ ጣሪያ ፊት ለፊቷ ተጋድሟል። ዓይኗን ጨፍና በደረቷ ተኛች። ደንበኞች ታመመች ብለው ውሃ ረጩባት። በሦስተኛው ቀን የዳሱን ምዕራብ ጎን በማዳበሪያ ከረጢት ጋረደችው።

ሁለተኛው መሐላ ደቻሳ ነው። ደቻሳ የታክሲ ረዳት ነበር፤ መኪናውን ተወ፣ አፉን ግን ይዞት መጣ። በ2010 የእግር መንገዱ ከሚጀምርበት ከምሥራቁ ግርጌ ሻይ ቤት ከፍቶ እዚያው መኖር ጀመረ። ወደ ላይ የሚወጣውን ሰው ሁሉ፣ «እዚሁ ብሉና ውጡ፤ እላይ ያለው ድንች የትናንት ነው» ይለው ነበር። ወሬው ለካሰች ደረሳት። ወርዳ ደጁ ላይ ቆማ ማለች። ምሥራቁም ከረጢት ተሰቀለበት።

ሦስተኛው ኦቦ ኦልጅራ ነው። ኦልጅራ ሚስቱ የሞተችበት፣ ሐሮ ወንጪ ሐይቅ ዳር ለጎብኚዎች ፈረስ የሚያከራይ፣ ቤቱ ከተራራው ደቡብ ተረተር ሥር የሆነ ዝምተኛ ሰው ነው። በ2012 ለካሰች ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ ገቡ፣ ተቀመጡ፣ መረቁ፤ ነገሩ በደህና እየሄደ ሳለ አንደኛው ሽማግሌ ለማሳመር ፈለገ።

«ኦልጅራ ፈረስ የሚያውቅ ሰው ነው» አለ። «ስንትና ስንት ፈረስ አይቷል። እንደ አዴ ካሰች ዳገት የምትወጣ አላጋጠመኝም ነው የሚለው።»

 ሌላኛው ሽማግሌ ጭራውን እያየ ጉሮሮውን ጠረገ። ካሰች ተነሳች፤ የኦልጅራን ቤት ዓይኔ ቢያይ ብላ ማለች። ሽማግሌዎቹ ኮፍያቸውን ሳይዙ ወጡ።

ስለዚህ ደቡብም ተዘጋ። ካሰች በሦስት ከረጢት መካከል፣ ፊቷን ወደ አምቦ አድርጋ ተቀመጠች።

ሰዎቹን ግን አልተጣላችም። የማለችው ቤታቸውን ላለማየት ነው። ጅሩን እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ታገኘዋለች፣ ትስመዋለች፣ ልጆቹን አንድ በአንድ በስማቸው ትጠይቃለች። ስለ ቤቱ ብቻ አትጠይቅም። ደቻሳን ስታገኘው ሰላም ትለዋለች፤ ወደ ተራራው ስትወጣ ግን በደጁ ላለማለፍ ከኋላ በኩል በእሾህ መሐል ትሳባለች። ኦልጅራ መንገድ ላይ «አካም ቡልተ፣ አዴ ካሰች» ሲላት «ደህና» ትለዋለች፤ ከዚያም ሻሿን ታስተካክላለች። ሻሿ ደህና ነበር።

ማስጎብኘቱንም አላቆመችም። ጀርባዋን ሰጥታ ታስጎበኛለች። እንግዳ ሲመጣ ፊቷን ወደ አምቦ እንዳደረገች እጇን ወደ ኋላ ትዘረጋለች።

«ይሄ ከጀርባዬ በስተ ግራ ያለው ጉደር ነው» ትላለች። «ከጉደር ወዲህ አንድ ትልቅ ዋርካ አለ፤ እሱን ተከትላችሁ ወደ ላይ ብታዩ ጅባት ነው።»

እንግዶቹ ከረጢቱን ገለጥ አድርገው ያያሉ።

«እትዬ፣ ዋርካ የለም።»

«አለ።»

«የለም። ገበያ ነው ያለው።»

«ልጆች ናችሁ፤ ዋርካ አታውቁም» ትላለች፣ ድንቹም ላይ ሚጥሚጣ ትነሰንሳለች። ዋርካው ከወደቀ አምስት ዓመቱ ነው።

በ2016 ዓ.ም. መስከረም ወር፣ ማክሰኞ ቀን፣ ከወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አንዲት ወጣት ባለሙያ መጣች። አቢጊያ ትባላለች። ነጭ ስኒከር አድርጋ ወጥታ፣ ጫፍ ስትደርስ ስኒከሩ ቀይ ሆኖ ነበር። ድንች በላች፣ ውሃ ጠጣች፣ ትንፋሿ ሲመለስ ወሬዋን አወጣች። ጫፉ ላይ ለጎብኚ የሚሆን የድንጋይ ማረፊያ ሊሠራ ነው። ማረፊያው አንድ ሰው ይይዘዋል፤ እዚያው ይሸጣል፣ እንግዳ ሲመጣም አራቱንም አቅጣጫ ያስጎበኛል። ለቅዳሜ ከዞን እንግዶች ይመጣሉ፤ አይተው፣ ሰምተው ይመርጣሉ።

«ሌላ ማን አለ?» አለች ካሰች።

«አቶ ደቻሳ አመልክቷል።»

ካሰች ቢላዋዋን አስቀመጠች። «ደቻሳ ይሄን ተራራ ወጥቶት ያውቃል?»

«እሱን አልጠየቅነውም» አለች አቢጊያ። «እስቲ አንቺ አሳዪኝ፣ እትዬ ካሰች። ምዕራቡን።»

ካሰች እጇን ወደ ኋላ ዘረጋች። «ይሄ ጉደር ነው። ከጉደር ወዲህ ትልቅ ዋርካ…»

አቢጊያ ከረጢቱን ገለጠች። ቆየች። መልሳ ለቀቀችው። «እትዬ፣ ዞረሽ እያየሽ ብትነግሪኝስ?»

«አልችልም።»

«አንገትሽን አሞሽ ነው?»

«የአንገት ነገር አታንሺብኝ» አለች ካሰች።

ነገሩን ስታወጣላት አቢጊያ ከሳቋ ጋር ታገለች፤ ሳቁ አሸነፈ። ሲያበቃ ግን ፊቷን ሰበሰበች። «እኔ ላንቺ ነው የማደላው፣ ማሎ እመኚኝ። ግን እንግዶቹ ፊት ጀርባሽን ሰጥተሽ የሌለ ዋርካ ካሳየሽ ቦታው ለደቻሳ ነው። ቅዳሜ አራቱንም፣ ፊትሽን አዙረሽ። ካልሆነ ከግርጌ ቦታ እንፈልግልሻለን።»

ግርጌ! ካሰች ያን ቀን ድንቿን ሳትጨርስ ወረደች። በዘጠኝ ዓመት ንግዷ እንዲህ ያለ ነገር አድርጋ አታውቅም። ግርጌ ማለት የደቻሳ ጎረቤት መሆን ነው። ግርጌ ማለት ሰው ፎቶውን ሳይነሳ፣ ሳይርበው በፊት ያልፋታል ማለት ነው።

በቀጥታ የሄደችው ወደ ንስሐ አባቷ ነው። መምሬ አሻግሬ ከቅዳሴ ወጥተው ምሳቸውን ለመብላት ወደ ቤት እያዘገሙ ሳለ በር ላይ ያዘቻቸው።

«አባቴ፣ መሐላዬን ይፍቱልኝ።»

«የትኛውን?»

«ሦስቱንም።»

«ታረቂና እፈታዋለሁ» አሉ። «ሦስቱንም ቤት ሄደሽ፣ ይቅር ተባብላችሁ፣ እህል ቀምሰሽ።»

«እስከ ቅዳሜ?»

«ዛሬም ይቻላል።»

«አባቴ፣ እሱ አንገት ሰጥቶኝ እኔ ይቅርታ ልጠይቅ? ያኛው ድንቼን አምቶ እኔ ደጁ ልሂድ? ያኛው ደግሞ ፈረስ…» እዚህ ላይ ነጠላዋን አጣፋች። «ግማሹን መፍታት አይቻልም? ማየቱን ብቻ ይፍቱልኝ፤ መጣላቱ ይቆይ።»

መምሬ አሻግሬ ምሳቸው እየቀዘቀዘ ነበር። ሆዳቸውም ይሰማል። መሐላ በግማሽ የሚፈታበት መጽሐፍ አላገኙም፤ ቢሆንም እንዲሁ ትታቸው እንደማትሄድ ከሠላሳ ዓመት ጀምሮ ያውቃሉ።

«ያ ማዶ ያለው ቤት ይታይሻል?»

«ይታየኛል።»

«አንድ ዓይንሽን ጨፍኚ። አውራ ጣትሽን ወደ ፊት ዘርጊ። ቤቱ ላይ አድርጊው። አሁንስ?»

ካሰች ጣቷን አስተካከለች። «ጠፋ» አለች።

«ሌላው አገርስ?»

«አለ። ሁሉም አለ።»

«በይ ሂጂ» አሉና በሩን ዘጉ።

ካሰች በሩ ላይ ጣቷን እንደዘረጋች ቀረች። ሰባት ዓመት ሙሉ ማዳበሪያ ሰቅላ! ከደቡብ በኩል ነፋስ በመጣ ቁጥር ከረጢት እየሰፋች! ለካ ከዚያ ከፍታ ሲታይ የሰው ቤት ከነደጁ፣ ከነጣሪያው፣ ከነዶሮው አንድ አውራ ጣት አያህልም።

ረቡዕ ገና ሳይረፍድ ጫፍ ላይ ወጣች። የምዕራቡን ከረጢት አወረደች፤ ዓይኗን ጨፍና። አውራ ጣቷን ዘረጋች። አንድ ዓይኗን ልትገልጥ ስትል ቆመች። ቤቱ የት ነው? በግራ ነው በቀኝ? ቤቱን ለመሸፈን ቤቱን ማግኘት አለባት፤ ለማግኘት ማየት አለባት፤ ካየች ደግሞ መሸፈኑ ምን ያደርጋል? ይህን ስታወጣና ስታወርድ ጣቷ እንደተዘረጋ ሻይ ሊጠጡ የመጡ ሁለት ተማሪዎች ሊፍት የምትጠይቅ መስሏቸው ሳቁ።

አንድ መንገድ ብቻ ነበር። ቤቱን የሚያሳያት ባለቤቱ ነው። ለሦስቱም መልእክት ሰደደች፦ ኑና ጣቴን ምሩ።

ደቻሳ የመለሰው አጭር ነው። «ቤቴን ራሷ ትፈልገው» አለ፤ ቀኑን ሙሉም ለደንበኛ ሁሉ አወራው። ጅሩ እመጣለሁ አለ፤ ጅሩ ሁልጊዜ እመጣለሁ ይላል። ኦቦ ኦልጅራ መልስ አልላከም። ዓርብ ጠዋት ራሱ መጣ፤ ጢሙን ተላጭቶ፣ አለንጋውን በብብቱ ይዞ።

ካሰች ዓይኗን ጨፍና ጣቷን ወደ ደቡብ ዘርግታ ቆመች። ኦልጅራ ከኋላዋ ቆሞ በአንድ ዓይኑ አነጣጠረ። እጇን አልነካም። በአለንጋው ጫፍ ክርኗን ቀስ አድርጎ ወደ ግራ ገፋ።

«በአለንጋ?» አለች ካሰች ዓይኗን ሳትገልጥ። «እኔ ፈረስ ነኝ?»

«አይደለሽም፣ አዴ። ፈረስ ይታዘዛል።»

ካሰች ልትቆጣ አስባ ነበር። ከንፈሯ ግን ሌላ ነገር አደረገ፤ ደግነቱ ከኋላዋ ስለነበር አላየም። እጇ ቦታውን ሲይዝ ኦልጅራ ከፊቷ እንጨት ተከለ። «ከዚህ እንጨት በላይ አንድ ስንዝር» አለ። «ነገ እዚያ ላይ አድርጊው፤ ቤቴን አታዪም።» አለና ድንች እንኳን ሳይቀምስ ወረደ።

ቅዳሜ ሰማዩ ጠርቶ ነጋ። አቢጊያ እንግዶቹን ይዛ ወጣች። ከሁሉ ፊት የዞኑ ኃላፊ ነበሩ፤ ደልደል ያሉ ሰው ናቸው፣ ጫፍ ሲደርሱ መናገር አቅቷቸው በእጃቸው ውሃ ጠየቁ። ከሁሉ ኋላ ደቻሳ መጣ፤ ከረባት አስሮ። ሦስቱ ከረጢቶች ወርደው፣ ተጣጥፈው ከዳሱ ጥግ ተቀምጠዋል። ጅሩ አልመጣም።

ካሰች ከአምቦ ጀመረች። አምቦን ስታስጎበኝ አንደበቷ እንደ ውሃ ነው፤ አራት ዓመት ሌላ ያየችው የለም። የትኛው ሰፈር መቼ መብራት እንደሚጠፋበት ሳይቀር ነገረቻቸው። ኃላፊው ተደሰቱ። «ደቡቡስ?» አሉ።

ካሰች ዓይኗን ጨፈነች፣ ዞረች፣ እንጨቱን በእግሯ ዳብሳ አገኘች፣ አውራ ጣቷን አንድ ስንዝር ከፍ አደረገች። አንድ ዓይኗን ገለጠች።

ጣቷን ሳታነቃንቅ አገሩን ቃኘች። የወንጪ ሸንተረሮች አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው ወጥተዋል፤ ከአራት ዓመት በፊት ትታው የነበረው አረንጓዴ ቀለም እዚያው ነው።

«ይሄ ወንጪ ነው» አለች በመጨረሻ። «ሐይቁ ከተራራው ሆድ ውስጥ ነው፤ ከዚህ አይታይም። ይታያል የሚላችሁ ሰው ካለ ውሸቱን ነው።»

ደቻሳ ከረባቱን አስተካከለ።

«ጣቱ ምንድን ነው?» አሉ ኃላፊው አቢጊያን በሹክሹክታ።

አቢጊያ አፏን ከፈተች። ዘጋች። «ባህላዊ ነው» አለች።

«ኣ!» አሉ ኃላፊው፤ እሳቸውም አውራ ጣታቸውን ዘረጉ። የቀሩትም ዘረጉ። ካሜራ ያለው ካሜራውን አወጣ። ከደቡብ በኩል ለሚያይ ሰው የቱሉ ወዴሳ ጫፍ ጣት አብቅሎ ነበር።

ይህ በእንዲህ እንዳለ ጅሩ ከች አለ። ላብ በላብ ሆኗል፣ ሸሚዙን በግልባጭ ለብሷል። «እታለም፣ ዘገየሁ?» አለና መልስ ሳይጠብቅ ከእህቱ ኋላ ቆመ። ካሰች ዓይኗን ጨፍና ወደ ምዕራብ ዞረች፣ ጣቷን ዘረጋች።

«ምራኝ። ቶሎ።»

«ወደ ግራ። ትንሽ። በዛ! ወደ ቀኝ። ዝቅ። አይ፣ ከፍ።»

«ጅሩ፣ ሰው ቆሟል።»

ጅሩ አንድ ዓይኑን ጨፈነ። የእህቱን ጣት አየ፤ ከጣቷ ወዲያ ቤቱን አየ። ጣሪያውን ከሁለት ዓመት በፊት ቀይ ቀለም ቀብቶታል። ጉደር ገበያ የሚሄድ ሁሉ ቆሞ ያየዋል። ጣሪያውን ሲቀባ ራሱ መሰላል ላይ ወጥቶ፣ ወድቆ፣ እግሩ በጄሶ ታስሮ ነበር። አይቶ ያላደነቀለት የምዕራብ ሸዋ ሰው ቢኖር አንድ ነው፤ እሷም እፊቱ ቆማለች፣ ጣቷም ልክ ጣሪያው ላይ ነው።

«ትንሽ ወደ ቀኝ» አለ። «ትንሽ ጨምሪ። በቃ። ክፈቺ።»

ካሰች ዓይኗን ገለጠች። አውራ ጣቷ የሆነ ሰው የገለባ ክምር ላይ ቆሟል። ከጎኑ፣ ምንም ያልሸፈነው፣ እንደ በርበሬ የቀላ ጣሪያ ፀሐይ ላይ ተንጋሏል።

አየችው። መሸሻ የላትም። ዓይኗን ብትጨፍን እንግዶቹ ይጠይቃሉ፣ ደቻሳ ይስቃል፣ ማረፊያው ይሄዳል። ባትጨፍን ደግሞ ሚካኤል አለ። ከኋላዋ ጅሩ ትንፋሹን ይዟል።

ጣቷን አላንቀሳቀሰችም።

«ይሄ» አለች፣ ድምጿ ትንሽ ቀጥኖ፣ «ይሄ ጉደር ነው። ከባሻገር ያለው ጥቁሩ የጅባት ደን ነው። ከደኑ ወዲያ ሸነን አለች፤ አትታይም፣ ግን አለች።» ተነፈሰች። «ዋርካም ነበር። አሁን የለም። ገበያ ሆኗል።»

አቢጊያ ከጀርባ በኩል አጨበጨበች፤ ለምን እንደሆነ ሌላ ሰው አልገባውም።

ምሥራቅ ቀረ። የምሥራቁን ጣት የሚመራ የለም። ካሰች ፊቷን ወደ አምቦ መለሰች፣ ድንቿን ማስተካከል ጀመረች።

«ምሥራቁን አቶ ደቻሳ ይንገራችሁ» አለች። «የሱ አገር ነው።»

ደቻሳ ይህን አልጠበቀም፤ ነገር ግን የታክሲ ረዳት ዕድል ሲሰጠው እምቢ አይልም። ወደ ፊት ወጣ።

«ክቡራን እንግዶች! ያ ጭጋግ የያዘው አዲስ አበባ ነው። ከሱ ወዲህ ያ የሚያብለጨልጨው የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ትንሽ ብትታገሡ አንዱ ሲነሳ ታያላችሁ።»

ኃላፊው ዓይናቸውን አጥብበው አዩ። «የቱ? ያ ከትልቁ ባሕር ዛፍ በስተ ቀኝ ያለው?»

«እሱ ራሱ!»

«የሰው ቤት ይመስላል እኮ። ልብስም ተሰጥቶበታል።»

«ፓይለቶች ናቸው፣ ልብሳቸውን…» ደቻሳ ቆመ። አንድ ቀይ ብርድ ልብስ በነፋስ ተወዛወዘ። እሱም፣ ሻይ ሊጠጣ በደጁ ያለፈ እንግዳ ሁሉም፣ ብርድ ልብሱን አወቁት።

«አቶ ደቻሳ» አለች አቢጊያ፣ «ያ ያንተ ቤት አይደለም?»

«ነው» አለ ደቻሳ። «ግን ቦሌ በዚያ በኩል ነው።»

ሳቁ ጋብ ሲል ካሰች ከመቀመጫዋ ተነሳች። ትልቁን ባሕር ዛፍ ታውቀዋለች፤ ከመሐላዋ በፊትም እዚያው ነበር። ወደ ምሥራቅ ዞራ ዓይኗን ከሰማዩ ጀምራ በግራ በኩል አወረደች፣ ዛፉን አገኘች፣ አውራ ጣቷን ከዛፉ ቀኝ አሳረፈች።

«አመሰግናለሁ፣ ደቻሳ» አለች። «ቤትህን ስላሳየኸኝ። ይሄ የጊንጪ መንገድ ነው፣ ክቡራን። አዲስ ዓለም በዚያ በኩል ነች። አየሁ የሚል አለ፤ እኔ አላየሁም።»

ማረፊያውን ካሰች ያዘችው። ኃላፊው እዚያው ተናገሩት፤ ድንቹንም ጨረሱት።

እንግዶቹ ሲወርዱ ጅሩ ከድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ያወልቃል። ካሰች ከረጢቶቿን ትሰበስባለች። 

«ከጭስ ማውጫው አጠገብ ቀለሙ ተልጧል» አለች ካሰች።

ጅሩ ብድግ አለ። «አየሽው!»

«ምኑን?»

«ጣሪያዬን!»

«እኔ አውራ ጣቴን ነው ያየሁት» አለች። «ቀዩ ደግሞ ይበዛል። በርበሬ ያሰጣህበት ነው የሚመስለው።»

ጅሩ ከዚያ በላይ ምስጋና አልፈለገም። እየዘፈነ ወረደ፤ አንዱን ጫማ እላይ ረስቶ።

መምሬ አሻግሬ የፈረሰውን መሐላ ሲሰሙ ስግደት አዘዙባት። ካሰች ጥፋቱ የጅሩ ስለሆነ እኩሌታው ለሱ ይሁን ብላ ተከራከረች፤ ተፈቀደላት። በፋሲካ ቤቱ ሄደች። ጅሩ ፈረሰኛውን አወጣላት። ካሰች በላች። ስትጨርስ፣ «አንገቱ ለማን ደረሰ?» አለች።

«ለኔ» አለ ጅሩ።

«ጥሩ» አለች።

አሁን ማረፊያው ተሠርቷል። መግቢያው ላይ ተዘርግቶ የተቀረጸ አውራ ጣት አለ፤ ጎብኚ ሁሉ ከሥሩ ጣቱን ዘርግቶ ፎቶ ይነሳል፣ ቀጥሎም ይርበዋል። አቢጊያ በየስብሰባው ስለ ባህሉ ትጠየቃለች፤ ጥናቱ አላለቀም ትላለች። ደቻሳ ሻይ ቤቱን «ቦሌ» ብሎ ሰይሞታል፤ ገበያው ደርቷል። ካሰች ወደ ምሥራቅ ስታይ እስከ ዛሬ ጣቷን አታወርድም።

ችግር የሆነው ደቡቡ ነው። ኦቦ ኦልጅራ ከቤቱ ግድግዳ ጋር አያይዞ የፈረስ ጋጣ መሥራት ጀመረ። መጀመሪያ በግራ በኩል ሠራ። ዝናቡ ሲያባራ በቀኝ በኩልም ቀጠለ። ጣሪያው አንድ ወጥ ቆርቆሮ ነው፣ ይረዝማል። ያሉት ፈረሶች አራት ናቸው። ለሃያ የሚበቃ ጋጣ ለምን እንደሚሠራ ሰዎች ሲጠይቁት፣ «ይራባሉ» ይላል።

ካሰች ወደ መምሬ አሻግሬ ወረደች። «አባቴ፣ ጋጣ ቤት ነው?»

መምሬ አሻግሬ ከምሳ በኋላ ነበሩ፤ ጊዜ ነበራቸው። «ጌታችን የት ተወለደ?»

«በበረት።»

«እንግዲህ አስቢበት።»

ካሰች አሰበችበት። በየቀኑ ጠዋት ድንቿን ካራገፈች በኋላ ወደ ደቡብ ትዞራለች፣ አውራ ጣቷን ትዘረጋለች፣ አንድ ዓይኗን ትጨፍናለች። ቆርቆሮው በጣቷ ግራም ቀኝም ወጥቶ ያብረቀርቃል። ሁለተኛ ጣት መጨመር ትችላለች። መዳፏን መዘርጋትም ትችላለች። ተማሪዎቹ ይህን ሲነግሯት፣ ባህሉ አውራ ጣት ነው ትላቸዋለች። ከዚያ ክንዷ ሲደክማት፣ ታወርደዋለች።